የሁለት ቤት በርሜል

ይልቃል ከደብረ ማርቆስ ተዛውሮ አሰበ ተፈሪ ፍርድ ቤት በጸሐፊነት ሥራ ሲጀምር፣ የሚከራየው ቤት ያገኘው ከገበያው በላይ ባለው ዳገት ላይ ነበር። ጣሊያን የሠራው፣ የድንጋይ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ረጅም ቤት ነው። ባለቤቱ ድሬዳዋ ተቀምጦ፣ መሐሉን በግድግዳ ከፍሎ ለሁለት ያከራየዋል። በግራ በኩል ይልቃልና ሚስቱ ሰርክአዲስ ገቡ። በቀኝ በኩል ከእነሱ በፊት ብዙ ዓመት የኖሩ ሞሚና የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ሞሚና ጫት አስረው በጭነት መኪና ወደ ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ የሚልኩ ነጋዴ ናቸው። አንድ ልጃቸው መስዑድም በዚያው መንገድ ሾፌር ስለሆነ ቤት የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው።

ይልቃል ቤቱን የወደደው በሙቅ ውሃው ነው። ከቤቱ ጀርባ፣ ሁለቱ ጓሮዎች በሚገናኙበት ቦታ፣ ከሁለቱም በኩል በር ያላት የቆርቆሮ ዳስ ነበረች። በውስጧ አንድ ወፍራም የብረት በርሜል በጡብ ምድጃ ላይ ተጋድሟል። ውሃ በላይኛው አፉ በባልዲ ይሞላና በሚጠመዘዝ ክዳን ይዘጋል፤ ከሥሩ እንጨት ይነድዳል፤ የሞቀው ውሃ በአንድ ቱቦ ወደ ይልቃል መታጠቢያ፣ በሌላው ወደ ሞሚና መታጠቢያ ይሄዳል። ክዳኑ አርጅቶ ስለላላ እሳቱ ሲበረታ በዙሪያው እንፋሎት ይፏጫል። በኅዳርና በታኅሣሥ የጨርጨር ተራራ ብርድ አጥንት ሲሰብር፣ ቧንቧ ከፍቶ በሞቀ ውሃ መታጠብ በከተማው ውስጥ ስንት ሰው ያገኘዋል?

የውሃው ሕግ ቀላል ነበር። ሰኞና ሐሙስ የሞሚና ቀን ነው፤ ረቡዕና ቅዳሜ የይልቃል። በየቀኑ ተራ የደረሰው በራሱ እንጨት ያነድዳል፣ በራሱ ውሃ ይሞላል። ሞሚና ሐሙስን የመረጡት ለጁምዓ ገላቸውን ለመታጠብ ነው፤ ይልቃል ቅዳሜን የመረጠው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ነው። በሰላም ቢያዝ ኖሮ ከዚህ የተሻለ ስምምነት አይገኝም ነበር።

መጀመሪያ ያስቸገረው የቧንቧው መጋጠሚያ ነበር፤ ያንጠባጥባል። ይልቃል ከባዛር አንድ ፒንሳና መፍቻ ገዛ፣ ቃጫ አጥብቆ ጠመጠመበት፣ ቀለም ቀባው፣ በመፍቻው አጠበቀው። ማንጠባጠቡ ቆመ። ከዚያን ቀን ወዲህ የቤቱን ብረት ሁሉ እንደ ባለሙያ ያየው ጀመር፤ ሰርክአዲስ ሠራተኛ እንጥራ ስትለው፣ «ሠራተኛ አንዱን ጠግኖ ሌላውን አበላሽቶ ነው የሚሄድ፤ ተመልሶ እንዲጠራ» ይላታል። ቀኑን ሙሉ ፍርድ ቤት ተቀምጦ ወንድም ወንድሙን፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ሲከስ የሚጽፍ ሰው ነውና «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለው ተረት ከአፉ አትጠፋም።

አንድ እሑድ ጠዋት ከዳሱ ፊቱን ከስክሶ ተመለሰ።

«ትናንት እስከ አፉ ሞልቼው ነበር» አለ፤ «አሁን ክዳኑን ከፍቼ ሳየው ከግማሽ በታች ነው። እኛ ምን ያህል ተጠቀምን?»

«ጥቂት ነው» አለች ሰርክአዲስ። «ተንኖ ይሆናላ።»

«ውሃ እንዲህ አይተንም። ጎህ ሳይቀድ በግድግዳው በኩል ሲንቆረቆር እሰማለሁ። ለሶላት ሲነሱ በኛ እንጨት በሞቀው ነው የሚታጠቡት።»

«ቢታጠቡስ? የተረፈ ውሃ አይደል?»

«የተረፈ ከሆነ ይጠይቁኝ። ሳይጠይቁ የወሰዱት ግን ሌላ ስም አለው።»

ሰርክአዲስ ሞሚናን ወዳቸዋለች፤ እሷ አገሩን ሳትለምድ ገበያ ይዘዋት የወጡ፣ የማን ቅቤ ንጹሕ እንደሆነ ያሳዩዋት እሳቸው ናቸው። ይልቃል ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የጎረቤቱን ድምፅ ሁሉ ያዳምጥ ጀመር። ጠዋት በአጥር ላይ ሲገናኙ ሰላምታው እንኳን ከበደው።

«እንዴት አደሩ፣ እማማ ሞሚና?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ኦቦ ይልቃል። አንተስ? ቢሻኑ ሞቀልህ?»

ቢሻን በኦሮምኛ ውሃ መሆኑን ያውቃል። የከበደው ጥያቄው ነው። «ለምን ጠየቁኝ? እየወሰዱብኝ መሆኑን እንደማውቅ ሊያጣሩ ነው» እያለ ሲያሰላስለው ፍርድ ቤት ደረሰ።

ሞሚናም በበኩላቸው እንቅልፍ አልነበራቸውም። ሐሙስ የሞሉት በርሜል ዓርብ ጠዋት ጎድሎ ያገኙታል። አንድ ቀን በዳሱ በር ሲያጮልቁ ይልቃል ክዳኑን አንስቶ፣ ባልዲ ይዞ፣ አንገቱን ወደ በርሜሉ አፍ ሰግጎ አዩት። እሱ የሚያየው የውሃውን ልክ ነበር፤ ለእሳቸው ግን ሲቀዳ የተያዘ ሌባ መሰላቸው። ለሟች ባላቸው ወንድም ለአብዶ ነገሩት።

«ያ የፍርድ ቤት ሰውዬ ከበርሜሌ ይቀዳል። ሙቁን ወስዶ ቀዝቃዛ ይጨምርበታል።»

አብዶ በገበያው ትንሽ ሱቅ ያለው፣ ነገር የማይወድ ሰው ነው። «የመንግሥት ሰው ነው፣ ተዪው። ደግሞ ጊዜው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ» አላቸው።

ጊዜውስ በእርግጥ ክፉ ነበር። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ አዲስ አበባ ላይ በዙፋኑ ላይ የተነሣው ግርግር ከሽፎ፣ ወሬው ገና አልበረደም። ሬዲዮ ያለው ድምፁን ቀንሶ ያዳምጣል። በሚኤሶ መንገድ የጭነት መኪኖች እየቆሙ ይፈተሻሉ፤ የመስዑድም መኪና ጫቱ ሁሉ ወርዶ ተፈትሿል። ማንም ማንንም አያምንም፤ ከሩቅ አገር የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ በተለይ ማን ምን እንደሚልበት አያውቅም።

ጥር ላይ ይልቃል አዲስ ነገር አገኘ። ከበርሜሉ ጀርባ፣ ጥቀርሻ የሸፈነው አንድ ቀጭን ቱቦ ከላይ ተነሥቶ ግድግዳውን ይወጣና፣ በጣሪያው ጠርዝ አልፎ ወደ ሞሚና ጓሮ ይታጠፋል። ጫፉ ከታች ወደ ተቀመጠ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ እያንጠባጠበ ነበር። ቆርቆሮው ለብ ባለ ውሃ ሞልቷል፤ አጠገቡ ሞሚና ጫት የሚጠቀልሉበት የሙዝ ቅጠል ተቆልሏል።

«ሦስተኛ ቱቦ አላቸው» አለ ለሰርክአዲስ። «ያውም ተደብቆ።»

«ጣሊያኑ ይሆናላ ያደረገው። ያለ ነገር አላስቀመጠውም።»

«ነገሩማ ያው ቆርቆሮው ነው። አላየሽም እንዴ?»

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሞሚና ገበያ ሲወርዱ ጠበቀ። ከዚያ መሰላል አቁሞ ወጣ፣ ከወይራ እንጨት የጠረበውን ውታፍ በጎማ ቁራጭ ጠቅልሎ በቱቦው ጫፍ ውስጥ መታው። ውታፉ እንዳይወጣ በሽቦ አሰረው። የዚያን ቀን ተራው ስለነበር እሳቱን አነደደ። እንፋሎቱ በክዳኑ ዙሪያ ብቻ እየፏጨ ሲወጣ፣ ቆርቆሮው ግን ደርቆ ሲውል አየና ልቡ ረካ።

በማግስቱ ሐሙስ ጠዋት፣ ይልቃል ፍርድ ቤት ከሄደ በኋላ፣ ሞሚና በፊናቸው ዳሱ ውስጥ ገቡ። ከመስዑድ መኪና የተረፈ የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ይዘዋል። በርሜሉን ከሞሉ በኋላ ላስቲኩን በክዳኑ ልክ ቆርጠው ከሥሩ አነጠፉ፣ ክዳኑን መለሱት፣ ከዚያም በክዳኑ ማንጠልጠያ ውስጥ ወፍራም ዱላ ሰክተው በሁለት እጃቸው እያጠማዘዙ አጠበቁት። የሰውየው ባዶ እጅ ሊከፍተው እንደማይችል እርግጠኛ እስኪሆኑ ድረስ አልተዉትም። ከሰዓት በኋላ ጥሩ የግራር እንጨት ጨምረው እሳቱን አነደዱ። በርሜሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ፉጨት ሳያሰማ መሞቅ ጀመረ፤ እሳቸውም ጥገናቸው ስለያዘላቸው ደስ አላቸው።

ደስታቸው የቆየው የሙዝ ቅጠላቸውን ሊያለሰልሱ ወደ ቆርቆሮው እስኪሄዱ ነው። አንዲት ጠብታ የለችበትም። ቀና ብለው ሲያዩ የቱቦው ጫፍ በሽቦ ታስሯል።

ይልቃል ከሥራ ሲመለስ ሞሚና በሩ ላይ ቆመው ጠበቁት።

«ኦቦ ይልቃል፣ ቆርቆሮዬ ለምን ደረቀ?»

«የቱ ቆርቆሮ?» አለ፣ እያወቀ።

«ከቱቦው ሥር ያለው። ሽቦ ማን አሰረበት?»

«ያ ቱቦ ለምን ወደ እርስዎ ግቢ ብቻ ወጣ? እሱን መጀመሪያ ይንገሩኝ።»

«እኔ ነኝ ያወጣሁት? ጣሊያን ነው። ሂድ ጣሊያንን ጠይቀው።»

«እማማ፣ በኔ እሳት የሞቀ ውሃ ነው የሚንጠባጠበው። እኔ እኮ ዝም ያልኩት ለዕድሜዎ ብዬ ነው።»

«የማን እሳት ነው? ዛሬ የማን ቀን ነው?» ሞሚና ድምፃቸውን አልጨመሩም፤ ነገር ግን ወደ እሱ ቀረብ አሉ። «ክዳን ከፍቶ የሚቀዳ ማን ነው? ወላሂ በዓይኔ አይቻለሁ። ባልዲ ይዘህ።»

«ልሞላ ነው የከፈትኩት።»

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ አትከፍተውም። ላስቲክ አድርጌ አጥብቄዋለሁ። ትንፋሽ አይወጣበትም።»

ይልቃል ወደ ዳሱ ዞር አለ። ትንፋሽ አይወጣበትም። ከዳሱ በኩል ጭሱ ወፍራም ሆኖ ይወጣል፤ የለመደው ፉጨት ግን የለም። በቱቦው በኩል ያለው ውታፍ ትዝ አለው። የሚወጣበት ቀዳዳ ሁሉ ተዘግቶ፣ እሳት ከሥሩ ይነድዳል።

«ሰርክአዲስ የት ነች?» አለ።

«ጓሮ ልብስ ትለቅማለች፣ ምነው?»

ስሟን እየጠራ በቤቱ ጎን ሮጠ። ሰርክአዲስ በገመዱ አጠገብ ልብስ ታቅፋ ቆማለች፤ ከዳሱ ውስጥ ብረት የሚያቃስት የሚመስል ድምፅ ሰምታ ወደዚያ ልትሄድ አንድ ሁለት እርምጃ ጀምራ ነበር። ጥሪውን ሰምታ ዞር አለች። በዚያች ቅጽበት በርሜሉ ፈነዳ።

የዳሱ ጣሪያ ተነሥቶ አጥሩ ላይ ወደቀ። ጡብና ፍም ተበተነ። ነጭ እንፋሎት ጓሮውን ሁሉ ሸፈነውና ለጥቂት ጊዜ ማንም ማንንም አላየም። ይልቃል እንፋሎቱ መሐል ገብቶ እየዳበሰ ሚስቱን አገኛት። ቆማለች። የታቀፈችው ልብስ ደረቷንና ፊቷን አድኖላታል፤ ግራ ክንዷ ግን ከክርኗ በታች በፈላ ውሃ ተመትቶ ቀልቷል። አላለቀሰችም፤ ጥርሷን ነክሳ ክንዷን ከሰውነቷ አርቃ ይዛዋለች። ሞሚና ከኋላው ደረሱ፤ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ገፈው በቀዝቃዛ ውሃ ነከሩና በክንዷ ላይ አደረጉላት።

በከተማው ውስጥ ድምፁ ቦምብ መስሎ ተሰማ። ባለ ሱቆች በራቸውን ዘጉ፤ ሰው ደግሞ እየፈራም ወደ ዳገቱ ወጣ። ሰርክአዲስን ጎረቤቶች ወደ ክሊኒክ ይዘዋት ሲሄዱ፣ ይልቃል ሊከተላት ዞሮ እግሩ ሥር የወደቀውን ቀጭን ቱቦ አየ። ውታፉ ከነሽቦው ጫፉ ላይ አለ። ጎንበስ አለ፣ ሽቦውን በጠሰ፣ ውታፉን ነቅሎ ኮቱ ኪስ ከተተው። ያየው የለም ብሎ ነበር። ሰርክአዲስ ግን ከበሩ ላይ ወደ ኋላ ዞራ እያየችው ነበር።

የፖሊስ ጣቢያው አምሳ አለቃ ዳምጤ ሁለት ፖሊሶች ይዘው ደረሱ። ፍርስራሹን በዱላቸው እየነካኩ ያሸቱታል።

«ባሩድ ማን ነው ያስቀመጠው?»

«ባሩድ የለም» አሉ ሞሚና። «በርሜል ነው። ውሃ ላሞቅ አነደድኩ።»

«ውሃ እንዲህ ይፈነዳል? ማን ነው ይሄን በላስቲክ የጠቀጠቀው?» ክዳኑን ከአጥሩ ሥር አንስተው ነበር።

«እኔ ነኝ። ክዳን ማጥበቅ ምን ክፋት አለው?»

አምሳ አለቃው ልጃቸው ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚሠራ ጠየቁ። ሾፌር መሆኑን፣ በሚኤሶ መንገድ እንደሚመላለስ ሲሰሙ ከፖሊሶቹ ጋር ተያዩ። ከዚያ ወደ ይልቃል ዞሩ። «አንተስ የምታውቀው ነገር አለ?»

ይልቃል እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር። «እኔ ከሥራ መምጣቴ ነው» አለ። ውሸት አልነበረም። ሞሚናን፣ ክዳኑንና የበርሜሉን ቅሪት ይዘው ሄዱ። ሞሚና ሲያልፉ ቀና ብለው አዩት።

በማግስቱ ጠዋት ሰርክአዲስ ክንዷ በፋሻ ተጠቅልሎ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ይልቃል ወደ ሥራ ለመሄድ ጫማውን ያስራል።

«ኪስህ ውስጥ ያለውን ምን ልታደርገው ነው?» አለችው።

እጁ ጫማው ማሰሪያ ላይ ቀረ። «አንቺ አልገባሽም። በዚህ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ስሜ ከተነሣ ሥራዬ አለቀ። እዚህ አገር ዘመድ የለኝ፣ የሚመሰክርልኝ የለ።»

«እሳቸውስ?»

«እሳቱን ያነደዱት እሳቸው ናቸው። ክዳኑን ያጠበቁት እሳቸው ናቸው።»

«አንተ ደግሞ መተንፈሻውን ወተፍክ። እሳቸው የሠሩትን ሲጠየቁ ተናገሩ። ውሃችንን ይሰርቃሉ ያልካቸው ሴትዮ ለፖሊስ አንዲት ቃል አልዋሹም።» ክንዷን በዝግታ ወደ ጭኗ አወረደች። «እኔ በፋሻው ነገር እንደገና ክሊኒክ መሄድ አለብኝ። በጣቢያው በኩል ነው የማልፈው። አንተ ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ይልቃል ተቆጣ፣ ከዚያ ፈራ፣ ከዚያ ጫማውን አስሮ ጨረሰ። ፍርድ ቤት አልሄደም።

ጣቢያው በረንዳ ላይ አብዶ ከሌሊቱ ብርድ ያልወጣ ፊት ይዞ ተቀምጧል። ውስጥ ሞሚና ወንበር ላይ ናቸው፤ የበርሜሉ ቅሪት ወለሉ ላይ ተጋድሟል። ይልቃል ውታፉን አውጥቶ አምሳ አለቃው ጠረጴዛ ላይ አኖረው።

«ይሄ የኔ ነው። የእንፋሎቱን መውጫ ረቡዕ ለት የወተፍኩት እኔ ነኝ። እሳቸው አያውቁም ነበር። ክዳናቸው ብቻውን አያፈነዳውም ነበር፣ ውታፌም ብቻውን።»

ሞሚና ውታፉን አዩት፣ እሱን አዩት። አምሳ አለቃው ግን ፊታቸው አልተፈታም፤ እንዲያውም ጠበበ።

«እና ትናንት ለምን ደበቅህ?»

«ፈርቼ።»

«ንጹሕ ሰው ይፈራል? አንደኛው ቱቦውን፣ አንደኛዋ ክዳኑን። ሁለታችሁ ተመካክራችሁ ነው ማለት ነው።»

«ከዚህ ሰውዬ ጋር?» አሉ ሞሚና። «አቦ፣ እኔ ከሱ ጋር ስለ ውሃ እንኳን መመካከር አልቻልኩም።»

አምሳ አለቃው ተነሥተው የበርሜሉን ሥር በዱላቸው ገለበጡት። የታችኛው ብረት በአንድ በኩል ተቀድዶ ተገልብጧል፤ ያልተቀደደው ቦታ ላይ ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነበሩ። «ይሄስ? የጥይት ነው?»

ይልቃል ተንበርክኮ ዳሰሰው። ብረቱ እንደ ደረቅ ቅጠል በጣቱ ሥር ተፈረካከሰ። በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ከዝገቱ ጋር አመድ ጭቃ ሆኖ ተጋግሯል፣ የቆየ ጭቃ።

«ዝገት ነው» አለ። ድምፁ ወረደ። «ሲያፈስ ነው የኖረው። ወደ አመዱ።»

ሞሚና ከወንበራቸው ተነሥተው አጎንብሰው አዩ።

«ቢሻኑ በዚህ ነው የሄደው» አሉ። «እኔ አንተን ስረግም።»

«እኔም እርስዎን።»

አምሳ አለቃ ዳምጤ ሰዎቹን ለማሰር የሚበቃ ነገር አላገኙም፤ ሙሉ በሙሉ ለማመንም አልወደዱም። ዋስ ጠርታችሁ ሂዱ፣ ስትፈለጉ ትመጣላችሁ አሏቸው። ለሞሚና አብዶ ወዲያው ቀረበ። ይልቃል ግን የሚጠራው ሰው አልነበረውም። ሞሚና አብዶን በኦሮምኛ አናገሩት። አብዶ አንገቱን ነቀነቀ፤ አልፈለገም። እሳቸው ደገሙት።

«ምን አሉት?» አለ ይልቃል።

«ለሱም ዋስ ሁን አልኩት። ይሄ ሰው ከጠፋ በርሜሉን ከማን ጋር ነው የምሠራው?»

አብዶ በቅሬታ እየጎመዘዘው ፈረመ።

አዲሱን በርሜል መስዑድ ከሚኤሶ በመኪናው አመጣው። ሥራው ግን የይልቃልና የሞሚና ነበር፤ ሁለቱም አንዱ ብቻውን እንዲነካው አልፈለጉም። ይልቃል ጡብ ሲደረድር ሞሚና በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጫታቸውን እያሰሩ ያዩታል፤ ሞሚና ጭቃ ሲለቀልቁ እሱ ቆሞ ያያል። ክዳኑ እንዲሁ የሚቀመጥ እንጂ የሚጠመዘዝ እንዳይሆን ሞሚና ተከራከሩ። መተንፈሻ ቱቦው ወደማንም ግቢ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ በጣሪያው መሐል እንዲወጣ ይልቃል ተከራከረ። በምድጃው ዙሪያ አመዱ መራሱን ሁለቱም ማየት እንዲችሉ ፊቱን ክፍት አድርገው ተዉት። ዕርቅ ነው የሚል ቃል ከማንኛቸውም አልወጣም።

እሳቱን መጀመሪያ ያነደዱት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው፤ የማንም ተራ ያልሆነ ቀን መርጠው። እንጨቱ ሲያያዝ ሁሉም ወደ ኋላ ሸሹ። ይልቃል ከአጥሩ አጠገብ ቆመ፤ ሞሚና ከእሱም ርቀው ከቤቱ ጥግ ቆሙ፤ አብዶ ጨርሶ መንገድ ላይ ወጥቶ አንገቱን ብቻ አሰገገ። ክዳኑ ገጭ ገጭ ማለት ጀመረ። እንፋሎት በቱቦው ቀጥ ብሎ ወጣ። ያም ሆኖ ማንም ወደ ዳሱ አልተጠጋም።

«አንቺ፣ ተመለሽ» አለ ይልቃል፣ ሚስቱ ወደ ዳሱ ስትራመድ ሲያይ።

ሰርክአዲስ አልተመለሰችም። ክንዷ ገና እንደታሰረ በዳሱ ፊት አለፈች፣ ወደ ሞሚና መታጠቢያ ገባች፣ በደህና እጇ ቧንቧውን ከፈተች። በመጀመሪያ የዝገት ውሃ ተፋ፤ ቆይቶ ጠራ። ጣቷን አስገብታ ለካችው።

«እማማ ሞሚና» አለች ከውስጥ፣ «ሞቋል። ይምጡ፣ መጀመሪያ እርስዎ ይታጠቡ።»